የኤረር ፍልውሃ ለሁሉም ሕመም አይሆንም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ኔትወርኩ ከፈቀደላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው።

ከእኛ ከአፍደም ተነስቶ በድሮው የባቡር መስመር ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ኤረርን ማለፉ አይቀርም። ኤረር ሲባል ለአንዳንዱ ሰው ብርቱካን ነው ትዝ የሚለው። ለአብዛኛው የአካባቢያችን ሰው ግን ፍልውሃው ነው። ወገቡን የያዘው፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው፣ ቆዳው የሚያሳክከው፣ ብርድ የመታው፣ ሁሉም "ኤረር ሂድ፣ ተነከር" ይባላል። ሶማሌው "ቢዮ ኩሉል" ይለዋል፣ አማርኛ ተናጋሪው ፍልውሃ ይለዋል፣ ምክሩ ግን አንድ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪዬ የነበረች ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ታላቅ እህቷ መጀመሪያ አንድ ዐይኗ ደበዘዘባት፣ ከዚያ ተሻላት፣ ከወራት በኋላ ደግሞ እግሯ መጎተት ጀመረ። ብዙ ከተንከራተተች በኋላ አዲስ አበባ ኤም አር አይ ተነስታ "መልቲፕል ስክለሮሲስ" ወይም በአጭሩ ኤም ኤስ የሚባል የነርቭ ሕመም ነው አሏት። መድኃኒት ተጀመረላት። ልጅቷ የጻፈችልኝ እንዲህ ብላ ነው፦ "መዓሊን፣ ሐኪሙ ውሃ ውስጥ ስፖርት ብትሠራ ጥሩ ነው ብሏታል። ዘመዶቻችን ኤረር ይዘናት እንሂድ እያሉ ነው። ኤረርም ውሃ ነው አይደል?"

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የታሪክ መምህር ነኝ፣ ያውም በዲፕሎማ። ግን ጥያቄዋን ተከትዬ ሳነብ መልሱ ታሪክ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ለእሷ የመለስኩትን ነው እዚህ አስፍቼ የምጽፈው፣ ይህንኑ ጥያቄ የያዘ ሌላ ቤተሰብ ሊኖር ይችላልና።

መጀመሪያ በሽታው። ኤም ኤስን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ለይቶ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ፓሪስ በሚገኘው ሳልፔትሪየር ሆስፒታል። እኛ ጋ በዚያው ዓመት አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱበት ጊዜ ነው፣ እንዲህ ብታያይዙት አትረሱትም። ሻርኮ የሞቱ ታማሚዎችን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ከፍቶ ሲያይ እዚህም እዚያም የጠጠረ ጠባሳ አገኘ። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው፣ "ብዙ ጠባሳ" እንደ ማለት ነው።

ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ አስቡት። ውስጡ መዳብ አለ፣ ውጩ ደግሞ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። በዚህ ሕመም የሰውየው የራሱ የበሽታ መከላከያ ተሳስቶ ያንን ሽፋን ይልጠዋል። መልእክቱ ከአንጎል ይነሳል፣ መንገድ ላይ ይደክማል ወይም ይቆማል። ሽፋኑ የተላጠው ወደ ዐይን በሚሄደው ነርቭ ላይ ከሆነ ዐይን ይደበዝዛል፣ ሕብለ ሰረሰር ላይ ከሆነ እግር ይከብዳል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ነው፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በእጥፍና ከዚያ በላይ ይይዛል። በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገ ቆጠራ በዓለም ላይ ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራል ተብሎ ተገምቷል።

ከምድር ወገብ አካባቢ ይልቅ በቀዝቃዛዎቹ አገሮች ይበዛል። ስለዚህ እኛ ጋ ብዙም አይታወቅም፣ ብዙም ስለማይታወቅ ደግሞ ቶሎ አይጠረጠርም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ 60 ሺህ ያህል ሕዝብ ላይ የነርቭ ሕመም ጥናት ሲያደርጉ በዋናነት ካገኟቸው መካከል የሚጥል በሽታና ፖሊዮ ያስከተለው ሽባነት ይገኙበታል። የአገራችን ሰው እግሩ ሲያነክስ "ልጅነት ልክፍት ነው" ወይም "ጓያ ሰበረው" ይባል ነበር፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነበር። የነርቭ ስፔሻሊስት አገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ትናንት ማለት ነው እኮ! ስለዚህ ዘመዶቿ ኤረር እንሂድ ቢሉ አይፈረድባቸውም። የሚያውቁት መድኃኒት እሱ ነው።

ያውም የከበረ መድኃኒት። የዋና ከተማችን ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከፍልውሃ አይደል? ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሳሉ ብርዱ ሲጸናባቸው ወደ ፊንፊኔ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌይቱ ቦታውን ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩ፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱ ተከተለ፣ ሠራዊቱ ተከተለ፣ ከተማ ሆነ። ተማሪዎቼ ይህን ክፍል ውስጥ ስነግራቸው ሁሌም ይስቃሉ፣ "ቲቸር አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ገላ ለመታጠብ ነው እንዴ?" ይላሉ። በከፊል አዎ! ዛሬም ፍልውሃ በር ላይ ሰው ይሰለፋል። ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት ሁሉም የዚያው ልማድ ልጆች ናቸው። ምኒልክም በመጨረሻ ዘመናቸው ሕመም ሰውነታቸውን ሲያደክመው ደብረ ሊባኖስ ጠበል ሄደዋል። ሽባ የሆነ አካልን ይዞ ወደ ውሃ መሄድ ለኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ልብ በሉ፣ በዚህ ልማድ ውስጥ ሰው ወደ ውሃው የሚገባው ሊነከር ወይም ሊፈስበት ነው። ውሃው ይሠራል፣ ታማሚው ይቀበላል። ሐኪሙ "ውሃ ውስጥ ስፖርት" ሲል ግን የሚሠራው ታማሚው ነው። ይህ ሌላ ታሪክ ነው፣ በዓለም ላይ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች አንዱን ደግሞ የኛው ንጉሠ ነገሥት አግኝተውታል።

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ ውስጥ፣ ስዊዝ ቦይ ላይ ባለው ታላቁ መራራ ሐይቅ፣ "ኩዊንሲ" በሚባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። በታሪክ መጻሕፍት ላይ ስለ ወደብና ስለ ኦጋዴን የተነሣው ነገር ነው የሚጻፈው። ግን የተቀመጠውን ሰውዬ እዩት። ሩዝቬልት መራመድ አይችልም ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ.፣ በ39 ዓመቱ፣ ፖሊዮ ነው የተባለ ሕመም ሁለት እግሩን ወስዶበታል። (በማግስቱ እዚያው መርከብ ላይ የሳዑዲው ንጉሥ አብዱልአዚዝ መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ሩዝቬልት ትርፍ ተሽከርካሪ ወንበሩን በስጦታ ሰጣቸው። ይህችን የምነግራችሁ ስለምወዳት ብቻ ነው።)

ሩዝቬልት በ1924 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ ወደሚባል የገጠር ፍልውሃ ሄደ። ውሃው ውስጥ ሲቆም በየብስ ላይ ፈጽሞ የማይታዘዙት እግሮቹ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። በ1926 ቦታውን ገዛው፣ በ1927 ተቋም አደረገው፣ ሽባ የሆኑ ሰዎችም ከየአቅጣጫው መጡ። ባለሙያዎች ውሃው ውስጥ ቆመው እግርን አንሣ፣ አጥፍ፣ ግፋ እያሉ ያሠሯቸው ነበር። ሩዝቬልት አልዳነም። ግን ክንዱም ትከሻውም ጠነከረ፣ መቆምም ተለማመደ። ከኛ ንጉሥ ጋር ከተገናኘ ሁለት ወር ሳይሞላው የሞተውም እዚያው ዋርም ስፕሪንግስ ነው።

ውሃ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ፊዚክስ ነው። እስከ ወገባችሁ ውሃ ውስጥ ስትቆሙ እግራችሁ የሚሸከመው የክብደታችሁን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እስከ ደረት ከሆነ ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ እስከ አንገት ከሆነ ወደ አንድ አሥረኛ። የደከመ እግር በየብስ የማይሸከመውን እዚያ ይሸከማል። ሚዛኑ የሚዛባበት ሰው ቢዘነበል እንኳ ውሃው ቀስ አድርጎ ነው የሚጥለው፣ ስለዚህ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ደግሞም ውሃው በየአቅጣጫው ይገፋል፣ ክብደት ሳያነሡ ጡንቻ ይሠራል። በ1949 እ.ኤ.አ. ጄምስ ማክሚላን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለንደን ውስጥ ሃሊዊክ በሚባል የአካል ጉዳተኛ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ዋና ማስተማር ሲጀምር የተነሣው ከዚሁ ነው። ዘዴው ዛሬም በትምህርት ቤቱ ስም ይጠራል፣ ለኤም ኤስ ታማሚዎችም ይሠራበታል።

ታዲያ እስካሁን ያለውን ብቻ ያነበበ ሰው "እና ኤረር ትሂዳ!" ይላል። ቆይ።

የዋርም ስፕሪንግስ ውሃ ስሙ "ሙቅ ምንጭ" ይሁን እንጂ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከሰውነታችን ሙቀት፣ ከ37፣ በደንብ ያነሰ ነው። የኛ ሰው ፍልውሃ የሚለው ሲገባ "እፍፍ" የሚያሰኘውን ነው። ሌላው ነገር፣ የሩዝቬልት ሕመም ኤም ኤስ አልነበረም። ለፖሊዮ የሚስማማ ሙቀት ለኤም ኤስ ይስማማል ማለት አይደለም። ይህ ደግሞ በወሬ የታወቀ ነገር አይደለም፣ ሐኪሞች ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው።

በ1890 እ.ኤ.አ. ቪልሄልም ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዐይን ሐኪም አንድ ነገር ጻፈ። አንዳንድ የኤም ኤስ ታማሚዎች ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ዐይናቸው ይደበዝዛል፣ ሲያርፉ ደግሞ ይመለሳል። እሱ ጥፋተኛው እንቅስቃሴው ራሱ መሰለው። በኋላ የመጡ ሐኪሞች ግን ጉዳዩ ሙቀት መሆኑን ደረሱበት። ሰው ሲንቀሳቀስ ሰውነቱ ይሞቃል፣ ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ደግሞ ሙቀት ሲጨምርበት መልእክት ማሳለፍ ያቅተዋል። ግማሽ ዲግሪ እንኳ ለአንዳንዱ ይበቃል። ክስተቱ እስከ ዛሬ በኡትሆፍ ስም ይጠራል። ከ10 ታማሚዎች ከ6 እስከ 8 የሚሆኑት ሙቀት እንደሚያባብስባቸው ይነገራል።

አሁን ስሙኝ። ኤም አር አይ ባልነበረበት ዘመን፣ በተለይ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ሐኪሞች "ይህ ሰው ኤም ኤስ ይኖረው ይሆን?" ብለው ሲጠራጠሩ ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ? ሙቅ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይነክሩታል። የሙቅ ገንዳ ምርመራ ይባል ነበር። የሰውነቱ ሙቀት ሲጨምር ዐይኑ ከደበዘዘ፣ እግሩ ከዛለ፣ በሽታው አለ ብለው ይጠረጥራሉ። ከዚያ አውጥተው ያቀዘቅዙታል፣ ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ነው ያልኩት። በ1983 እ.ኤ.አ. ከዚህ ምርመራ በኋላ ድካሙ ሳይለቃቸው የቀሩ ታማሚዎች እንዳሉ በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በዚያው ዘመን ኤም አር አይ እየተስፋፋ መጣ፣ ገንዳውም ቀረ።

ማለት የፈለኩት ይህን ነው፦ ኤረር ወስደን ልንነክራት ያሰብነው ነገር ፈረንጆቹ በሽታውን ቀስቅሰው ለማየት የሚያደርጉት ነገር ነበር። ፍልውሃ ውስጥ ገብታ እግሯ ቢከዳት "ሕመሙ እየወጣ ነው፣ ታገሺ" የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ነርቯ ሞቆ ነው። በሽታው አዲስ ጉዳት አደረሰ ማለት ባይሆንም ገንዳ ውስጥ ብቻዋን እግሯ ቢከዳት መስጠም አለ፣ ወጥታ በእርጥብ ድንጋይ ላይ መውደቅ አለ። ውሃ ውስጥ ላብ አይተንም፣ ስለዚህ ሰውነት በሙቅ ውሃ ውስጥ ሙቀቱን የሚያስወጣበት በር የለውም። ቀዘቀዝ ያለ ውሃ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ወደ 25 እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ይወስዳል፣ ስለዚህ ስፖርቱ የሚፈጥረውን ሙቀት እዚያው ይቀበለዋል። ሰውየው ሠርቶ አይሞቅም። የኤም ኤስ ታማሚ ውሃ ውስጥ እንዲሠራ የሚመከረውም በዋናነት ለዚህ ነው።

ይህም ቢሆን በቀላሉ አልመጣም። ለረጅም ጊዜ የኤም ኤስ ታማሚ "አትድከም፣ ተኛ" ነበር የሚባለው። በ1984 እ.ኤ.አ. ኢንዲያና ውስጥ ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 10 ታማሚዎችን ለ10 ሳምንት ገንዳ ውስጥ አሠሯቸው፣ የጡንቻ ጉልበታቸው ጨመረ። 10 ሰው ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። ግን በር ከፈተ። በ1996 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለ15 ሳምንት በብስክሌት መሣሪያ አሠልጥነው ስፖርት እንደማይጎዳ ይልቁንም እንደሚጠቅም አሳዩ። ለኛ የሚቀርበው ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢስፋሃን፣ የኢራን ጥናት ነው። ሴቶች ናቸው፣ ለ8 ሳምንት ገንዳ ውስጥ ሠሩ፣ ድካማቸው ቀነሰ፣ ኑሯቸውም ተሻሻለ። የኤም ኤስ ድካም ደግሞ የኛ ዓይነት ድካም አይደለም፣ እንቅልፍ የማያጠፋው ነው።

የኤም ኤስ ማኅበራት የሚመክሩት የገንዳ ሙቀት ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዳታምታቱኝ ሌላውንም ልንገራችሁ፦ በዚያው በ2012 አልሜሪያ፣ ስፔን ውስጥ 73 ታማሚዎች ላይ በተሠራ ጥናት ውሃው 36 ዲግሪ ነበር፣ ሕመም ስሜትና የጡንቻ መኮማተር የቀነሰላቸው ሰዎች አሉ። ሙቀት የማያውካቸውም አሉ ማለት ነው። ግን እዚያ እንቅስቃሴው ዝግ ያለ ነው፣ ባለሙያ አጠገባቸው ቆሟል፣ ሙቀቱም ይለካል። ኤረር ማን ይለካል?

ለልጅቷ የጻፍኩላት እንግዲህ ይህ ነው። ኤረር አትነከር። ፍልውሃው ለሽማግሌው ወገብ ይጠቅመዋል፣ ክብሩን አልነካሁም፣ ለእሷ ግን አይሆንም። ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር፣ "ምን ያህል የሚሞቅ ውሃ?" ብላ ትጠይቀው። መድኃኒቷን በውሃ አትተካ። ድሬዳዋ ገንዳ ያለው ሆቴል ካገኙ በጠዋት ይሂዱ፣ ፀሐይ ገንዳውን ሳያሞቀው። የሕፃናት የትኩሳት መለኪያ ለዚህ አይሆንም፣ የክፍል ወይም የውሃ ቴርሞሜትር ይፈልጉ። እስከ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ትራመድ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይበቃል። ዋና ማወቅ የለባትም፣ ዋና የሚያውቅ ሰው ግን ከጎኗ አይጥፋ። ስትወጣ ክብደቷ ሁሉ ስለሚመለስ እግሯ እንደ ብረት ይከብዳታል፣ አትደንግጥ፣ የምትቀመጥበት ወንበር ጥላ ሥር ይዘጋጅ።

እዚህ አፍደም ስትሆን ደግሞ ገንዳ የለም። ጀሪካን ውሃ በብር በሚገዛበት አገር ስለ ገንዳ ማውራት እንደ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፣ ይገባኛል። የኛ ሙቀት ግን እንኳን ለታማሚ ለጤነኛም ነው። በቀትር አትውጣ። የረጠበ ሻሽ አንገቷ ላይ ታድርግ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ቶሎ ትጠጣ፣ ስፖርቷን ጎህ ሲቀድ ትሥራ። ውጭ አገር ከጠፈርተኞች ልብስ ቴክኖሎጂ የተወሰደ ማቀዝቀዣ ሰደርያ የሚለብሱ ታማሚዎች አሉ። የረጠበ ሻሽም የሚሠራው በዚያው ሐሳብ ነው፣ ዋጋው ብቻ ነው የሚለያየው።

ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ የምትኖሩ፣ ለሴቶች ለብቻ ሰዓት የሚሰጥ፣ የውሃውን ሙቀት የሚያውቅ ገንዳ ካለ ኮሜንት ላይ ወይም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፊዚዮቴራፒ ያጠናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ ሁለት እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ዝም እንዳትሉ።